መኪና ለሚያስመልሳቸው መንገደኞች

(በወር ስብሰባችን ላይ በዕድሩ ጸሐፊ የተነገረ፤ ላልሰሙት አባሎች ሲባል እዚህ የተለጠፈ)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ መኪና ስለሚያስመልሳቸው ሰዎች ነው። ይሄ ደግሞ የስብሰባ ወሬ ሆኖ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚህ በሰፈራችን፣ ሐኪም «ደሴ ሂዱ» ብሎ ወረቀት ጽፎላቸው፣ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከተው የተቀመጡ እናቶች አሉ። ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ መኪናውን ፈርተው ነው። «በመኪና ከምሠቃይ እዚሁ ልሙት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሞራ የተጋረደ ዓይን በሕክምና እየተገለጠ ባለበት ዘመን፣ በማቅለሽለሽ ምክንያት ታውሮ መቀመጥ ያሳዝናል።

እንደሚታወቀው ከመካነ ሰላም ደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በአቀስታ አድርጎ፣ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። ዓባይን ተሻግሮ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄደውም ቁልቁለቱን ያውቀዋል። አዲስ አበባ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚያወጣው ጥምዝምዝ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ነገሩ ከምን ይመጣል? ብዙ ሰው ጥፋቱን በሆድ ላይ ያደርጋል። የሚጀምረው ግን ከጆሮ ነው። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ፈሳሽ ያለባቸው ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ ሰውነታችን ሲዞርና ሲዘነበል ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው። መኪናው ሲጠማዘዝ ጆሮ «እየዞርን ነው» ይላል። ዓይን ደግሞ የፊቱን ወንበር ወይም ስልክ ሲያይ «ኧረ ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል በሁለቱ መካከል ግራ ሲጋባ ላብ፣ ምራቅ፣ ማዛጋት፣ ከዚያም ማስመለስ ይከተላል። ሹፌሩን የማያስመልሰው ጥምዝምዙን ቀድሞ ስለሚያየው ነው። ስለዚህ የፈሪ ሕመም ነው ብላችሁ አትሣቁ፤ ኔልሰን የሚባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ እንኳ መርከብ ያስመልሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ብዙም አይነካም፤ ከዚያ በላይ እስከ 12 ዓመት ያሉትን ልጆች ግን ይበረታባቸዋል። ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ያጠቃል፤ እርጉዝ ስትሆን ደግሞ ይብሳል።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ሌሊት ሳይተኙ መሄድ አይበጅም። ባዶ ሆድ ይሻላል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ቅባት የበዛበት ወጥ ጠግቦ መሣፈርም እንደዚያው። ትንሽ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ፣ ጥቂት ውኃ ይበቃል። ጠላና አረቄ ይቅር። ጿሚ ከሆናችሁና ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ፣ ጉዞውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት።

ወንበር ሲያዝ ከፊት በኩል ይሁን። ከኋላ ጎማ በላይና መጨረሻው ወንበር ላይ መንገዱ ሁሉ በሰው ሆድ ላይ ነው የሚያልፈው። ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥም አይሆንም። ዓይን ሩቅ ተራራ ላይ ይሁን፤ ጭንቅላት ወንበሩን ይደገፍ። ልጅ ስልክ ይዞ አንገቱን ከደፋ ማስመለሱ አይቀርም። ካልሆነ ዓይን ጨፍኖ መተኛት ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ፤ ጠቡ ያለው እዚያ ላይ ነውና። አንዷ «ክፈቱልኝ፣ ሞትኩ» ትላለች፤ አውቶቡሱ በሙሉ «ዝጊው! ንፋስ ሊመታን ነው» ይላል። አርባና ሃምሳ ሰው ታፍኖ፣ የናፍጣው ጢስ፣ የፀጉር ቅቤው፣ ከወንበር ሥር ያለው ዶሮ፣ ሁሉ በአንድነት! ደኅናውንም ሰው ያስመልሰዋል። ጉንፋንን የሚያመጣው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ተሕዋስ እንጂ የመስኮት ንፋስ አይደለም። ይልቁንስ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢያስል ነው አደጋው። ብርዱ የሚያስቸግራቸው አባቶች ጋቢያቸውን ይከናነቡ፤ ሌላው መስኮቱን አንድ እጅ ያህል ይክፈት። ይህንን ያህል መተዛዘን ያቅተናል ወይ?

ሎሚ ማሽተት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለብዙ ሰው ይረዳል፣ ጉዳትም የለውም። ዝንጅብል ማኘክም እንዲሁ። መድኃኒትም አለ። ድራማሚን የሚባለው በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር፤ ለቆዳ ማሳከክ ይሞከር የነበረ መድኃኒት ሲሆን፣ አንዲት ታካሚ የከተማ ባቡር ማስመለሱን እንደተወላት ተናገረች። እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚዋጠው ከመነሳት ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ መዋጥ እምብዛም አይረዳም። እንቅልፍ ያመጣል፤ ሹፌር እንዳይነካው፣ ከመጠጥም ጋር እንዳይሆን። ለሕፃን፣ ለእርጉዝና ሌላ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሰጥ።

ያስመለሰው ሰው ውኃ በአንዴ አይጨልጥ፤ ፉት ፉት ይበል። ፌስታሉንም በመስኮት ወርውሮ የሰው እርሻ ላይ መጣል ነውር ነው። ከመኪና ከተወረደ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ካልተወ፣ ወይም ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ደም ከመጣ የመኪና ነገር አይደለምና ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይኬድ።

በመጨረሻ ኮሚቴው ያሰበውን ልንገራችሁ። ዕድሩ ለለቅሶ መኪና ሲከራይ የፊቶቹ ሁለት ረድፎች መኪና ለሚያስመልሳቸው ሰዎች ይያዛሉ፤ የኮሚቴ ወንበር መሆናቸው ይቀራል። ሎሚና ፌስታል ከዕድሩ ዕቃ ጋር ይጫናል። የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ የተቀመጣችሁ እናቶች ደግሞ፣ አብሽሩ፣ እስከ ቅዳሜ ስማችሁን አስመዝግቡ። ፊት ወንበር ተይዞ፣ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ይመደባል።