ልብ ማለት እና መታከም



እንድናገርበት የተጠየቅሁት ርዕስ «ማይንድፉልነስ ጭንቀትና ድብርት ላለባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች» የሚል ነው። ቃሉን «ጥሞና» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። ጥሞና በእኛ ዘንድ ከጸሎት ጋር የተቆራኘ ስለሆነ እኔ «ልብ ማለት» የሚለውን እመርጣለሁ። አንድ ተማሪ ሥልጠናው በተጀመረበት ቀን «ዶክተር፣ ይህ ነገር ሃይማኖት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የልምምዱ ሥር ከቡድሂዝም የተቀዳ ነውና። ይሁን እንጂ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ ሥልጠና አድርጎ ሲቀርጸው አምልኮውን ትቶ ትኩረትን የማሠልጠኛ ዘዴውን ወስዷል።

ዘዴው ለመናገር ቀላል ነው። ተማሪው ይቀመጥና ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ልብ ይላል። ጥቂት ሳይቆይ «የመውጫ ፈተናውን እወድቃለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። አያባርረውም፣ አይሟገተውም፤ «ይህ ሐሳብ ነው» ብሎ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ቢባዝንና ሃምሳ ጊዜ ቢመለስ አልተሳሳተም፤ ልምምዱ ራሱ መመለሱ ነው። ፈረንጆቹ አንዲት የዘቢብ ፍሬ በዝግታ በማላመጥ ያስጀምራሉ፤ እኔ በቆሎ አስጀምራለሁ። ቆሎን በእፍኝ እንጂ በፍሬ መብላት ለተማሪ ምን ያህል እንደሚከብድ አይቼ ስቄአለሁ።

ይሠራል ወይ? የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 616 ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ቡድን የ8 ሳምንት ሥልጠና ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የፈተና ወቅት ሲለኩ፣ ካልሠለጠኑት መካከል 57 በመቶው የባለሙያ ድጋፍ የሚያሻው የመንፈስ ጫና ላይ ደርሰው ነበር፤ ከሠለጠኑት ግን 37 በመቶው። ውጤቱ በላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ መጽሔት ታትሟል። ለዚህ ዓይነት ጥናት ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሰኔ ወር የተማሪዎቼን ፊት የማየው እኔም ውጤቱን ሳነብ ተስፋ አድርጌአለሁ።

ነገር ግን ከመቶኛው በፊት ያለውን ገጽ እናንብብ። በወቅቱ በከባድ ድብርት ወይም በከባድ ጭንቀት ውስጥ የነበሩ፣ እንዲሁም በቅርቡ ሐዘን የደረሰባቸው ተማሪዎች በጥናቱ እንዲካፈሉ አልተደረገም። ሁለቱም ቡድኖች ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት እንደ ወትሮው ማግኘት ይችሉ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ የለካው በሚገባ በቆመ አገልግሎት ላይ የተጨመረን ሥልጠና ነው። ጥቂት አማካሪ ለብዙ ሺህ ተማሪ በሚሆንበት ግቢ ይህንኑ ሥልጠና ማምጣት ሌላ ነገር ነው። በተካፈልሁባቸው ስብሰባዎች «አማካሪ ለመቅጠር በጀት የለም፤ ሥልጠናው ግን ርካሽ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ርካሽነቱ እውነት ነው። የካምብሪጅን ቁጥር ለዚህ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ግን ጥናቱን አለማንበብ ነው።

ይህን የምናገረው ራሴ ስለተሳሳትሁ ነው። ከዓመታት በፊት የማማክረው የ3ኛ ዓመት ተማሪ ክፍል መቅረት አበዛ። ቢሮዬ ጠርቼ ሳነጋግረው «ሐሳብ ይዞኛል» አለኝ፤ በአማርኛችን ይህ አነጋገር ከትንሽ ትካዜ እስከ ከባድ ሕመም ሁሉን ይሸፍናል። ከመጻሕፍት የተማርሁትን የትንፋሽ ልምምድ በደስታ አስተማርሁት፤ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ግን አልጠየቅሁትም። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ «ዶክተር፣ እርስዎ እንዳሉኝ ዝም ብዬ ስመለከተው ይበልጥ እየቀረበኝ መጣ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ፊቱን በቅጡ ያየሁት። በማግስቱ አብሬው ሆስፒታል ሄድሁ። ዊዝድሮዋል ሞልቶ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ታክሞ በዓመቱ መጥቶ ትምህርቱን ጨረሰ። ከእኔ ጋር ያሳለፋቸው ሦስት ሳምንታት ግን በሕክምና ማለፍ የነበረባቸው ናቸው።

ከባድ ድብርት ትኩረትን ራሱን ይሰልባል፤ አንድ አንቀጽ አንብቦ መጨረስ ያቃተውን ተማሪ ከገዛ ሐሳቡ ጋር ብቻውን አስቀምጦ «ልብ በል» ማለት የሌለውን አቅም መጠየቅ ነው። ሲጋል፣ ዊሊያምስ እና ቲስዴል ልምምዱን ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ሲያዋህዱም በመጀመሪያ ያሰቡት ከድብርት አገግመው ሕመሙ እንዳያገረሽባቸው ለሚሰጉ ሰዎች ነበር። ለሁሉም በግዴታ እንስጠው የሚለው ሐሳብም አያስኬድም፤ በብሪታንያ ከ8,000 በላይ ታዳጊዎችን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የትምህርት ቤቶች ጥናት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም አላገኘበትም።

ሥልጠናውን አልተውሁትም። በፈቃደኝነት ለሚመጡ ዛሬም እሰጣለሁ፤ ዶርም ውስጥ ጸጥታ ስለማይገኝ ማለዳ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት በረንዳው ላይ እንሰበሰባለን። ከምዝገባ በፊት ግን እያንዳንዱን ለብቻው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡና ስለ መኖር ያለውን ፍላጎት እጠይቃለሁ። መልሱ የሚያሰጋ ከሆነ በወረቀት አልልከውም፤ እስከ ክሊኒኩ አብሬው እሄዳለሁ። በዚህ ሴሚስተር ከእኔ ጋር በመጠየቁም ሆነ በመሸኘቱ የሚተባበሩ ሁለት መምህራን እፈልጋለሁ፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ስማችሁን ስጡኝ።