«ተመስገን» የሚለው መልስና የቤት ውስጥ እንክብካቤ መብት



በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አረጋዊ በሜዲኬድ ወጪ በቤቱ የሚረዳው ሰው እንዲመደብለት ሁለት በሮችን ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው የሕግ በር ነው፤ ገቢና ንብረት ይመረመራል፤ በልጆቻቸው አማካይነት ግሪን ካርድ ያገኙ ወላጆችም እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት በአብዛኛው 5 ዓመት ይጠብቃሉ። ስለዚህ በር ብዙ ተብሏል። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለተኛው በር፣ ማለትም ስለ ግምገማው ነው።

ገምጋሚው ወደ ቤት መጥቶ «ራስዎን ይታጠባሉ? ይለብሳሉ? ከአልጋ ይነሣሉ? መጸዳጃ ቤት ብቻዎን ይደርሳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። እናቶቻችን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዳውን ቡና ጋብዘው፣ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ይህ ምስጋናም ጨዋነትም ነው። በቅጹ ላይ ግን «እርዳታ አያስፈልግም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ወንድ ልጅ ሲያስተረጉም ነገሩ ይብሳል፤ እናት ስለ ገላዋና ስለ ሽንቷ በልጇ አፍ አትናገርም።

ለእንቅስቃሴ የሚረዱ መሣሪያዎችም ከዚህ አይለዩም። ሜዲኬር ለምርኩዝ፣ ለዎከርና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚከፍለው ሐኪም ሲያዝዝና መሣሪያው በቤት ውስጥ ሲያስፈልግ ነው፤ ከዓመታዊው ቅድመ ክፍያ በኋላም 20 በመቶው በታካሚው ላይ ይቀራል። አባታችን «ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቃተኝ» ብቻ ቢሉ ጥያቄያቸው ሊወድቅ ይችላል። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ግድግዳ እየያዙ እንደሚሄዱ ካልተናገሩ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ነገር ሳይነገር ቀረ ማለት ነው።

የመስማት ችግር ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ሲቀሩ ነርሷ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ነው ትላለች፤ ቤተሰቡም እርጅና ነው ይላል። በእንግሊዝኛ ቃላት የሚደረግ የመስማት ምርመራ ጆሮን ከቋንቋ አይለይም። መደበኛው ሜዲኬር እ.ኤ.አ. በ1965 ከተመሠረተ ጀምሮ የመስሚያ መሣሪያን ከሽፋኑ አግልሏል። ከጥቅምት 2022 ወዲህ ቀላልና መካከለኛ የመስማት ችግር ያለባቸው አዋቂዎች መሣሪያውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት ቢችሉም፣ ዋጋው ከኪሳቸው ነው።

በግምገማው ያልተቆጠረ ሰዓት አይጠፋም፤ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ከመካከላችን ብዙ ሴቶች በሰው ቤት አረጋውያንን በመንከባከብ ይተዳደራሉ። ቀኑን ሙሉ የሌላውን እናት አንሥታ አስቀምጣ የመጣች ልጅ፣ ማታ የራሷን እናት ብቻዋን ታነሣለች።

ስለዚህ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ቤተሰቦች ከግምገማው በፊት ባለው ሳምንት የሚሰጡትን እርዳታ በየቀኑ ይጻፉ፦ ማን አጠባቸው፣ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ ሌሊት ማን ተነሣ። ጽሑፉን ለገምጋሚው ይስጡ። ውሳኔው አሉታዊ ከሆነም በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ቀነ ገደብ ውስጥ ይግባኝ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎሚያ ማድረግም አይፈቅድም።

ሦስተኛ፣ የሁለቱም ግዛቶች መሥሪያ ቤቶች የጥያቄውን አቀራረብ ያሻሽሉ። «መታጠብ ይችላሉ?» ከማለት ይልቅ «ሲታጠቡ አጠገብዎ ማን ይቆማል?» ቢባል ክብር ሳይነካ እውነቱ ይገኛል።

አራተኛ፣ ኮንግረስ የመስሚያ መሣሪያን በሜዲኬር ሽፋን ውስጥ ያስገባ። የመምረጥ መብት ያለን ሁሉ ይህን ጥያቄ ለተወካዮቻችን ማቅረብ እንችላለን።

ወላጆቻችን «ተመስገን» ማለታቸውን እንዲተዉ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ከዚያ ቃል በስተጀርባ ያለው ድካም በቅጹ ላይ ቦታ እንዲያገኝ ነው።