የናይሮቢው መታሰቢያ ለግንበኞች የሚነግረን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በናይሮቢ ከተማ እምብርት፣ የሞይ ጎዳና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተሰየመው ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ፣ አንድ አነስተኛ የአትክልት ቦታ ይገኛል። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የአልቃይዳ ሰዎች ቦምብ የጫነ መኪና በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ያፈነዱት በዚህ ቦታ ነው። በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ጠዋት በዳሬሰላም በተፈጸመው ተመሳሳይ ጥቃት ደግሞ 11 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ቦታው መታሰቢያ ሆኖ ተመረቀ፤ ሙዚየምም አለው።

ጎብኚው በቅድሚያ የሚቆመው የሟቾቹ ስም በተጻፈበት ግድግዳ ፊት ነው። ጥቃቱ የታቀደው በአሜሪካ ላይ ይሁን እንጂ በናይሮቢ ከሞቱት መካከል አሜሪካውያኑ 12 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከሞላ ጎደል የከተማይቱ ሰዎች ናቸው፤ የቢሮ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ መንገደኞች። እኔም ወደዚያ የገባሁት እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ነበር፤ ስወጣ ግን የሙያችን ጥያቄ አብሮኝ ወጣ። ይኸውም፣ እነዚህ ሰዎች በምን ሞቱ? የሚል ነው።

የግድያው ኃጢአት የገዳዮቹ ነው፤ ይህ ሊደበዝዝ አይገባም። ይሁን እንጂ አንድ ፍንዳታ ስንት ሰው እንደሚገድል የሚወሰነው በባሩዱ መጠን ብቻ አይደለም፤ ሕንፃውም ድርሻ አለው።

አንደኛው ነገር ርቀት ነው። ኤምባሲው ከሁለት ታላላቅ ጎዳናዎች አጠገብ፣ መከላከያ የሚሆን ባዶ ሥፍራ ሳይኖረው የቆመ ነበር። አምባሳደሯ ፕሩደንስ ቡሽኔል አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ይህን ለመንግሥታቸው አሳስበው ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

ሁለተኛው ጎረቤት ነው። የኤምባሲው አጥንት ሳይወድቅ ሲቀር፣ ከጎኑ የነበረው ኡፉንዲ ሕንፃ ግን ፈርሶ በውስጡ የነበሩትን ቀበረ። ስለዚህ የአንድ ሕንፃ ጥንካሬ ለብቻው ሲመዘን የጎረቤቱን ዕጣ አይነግረንም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው፣ የመስተዋት ነገር ነው። የኋላውን በር የሚጠብቁት ኬንያውያን ዘበኞች መሣሪያ ባይኖራቸውም በሩን አንከፍትም በማለታቸው መኪናው ወደ ሕንፃው ሥር ሳይገባ ቀረ። አጥቂው የእጅ ቦምብ ወረወረ፤ ተኩስም ተሰማ። በአካባቢው ሕንፃዎች የነበሩ ሰዎች ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ታላቁ ፍንዳታ ደረሰ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲቆስሉ፣ ብዙዎቹን ያቆሰላቸው የመስኮት ስባሪ ነበር፤ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡም ጥቂቶች አይደሉም። በአጠገቡ ያለው የኅብረት ሥራ ባንክ ሕንፃ ቆሞ ቀረ፤ መስተዋቱ ግን በሠራተኞቹ ላይ ዘነበ።

ድምፅ ሰምቶ ወደ መስኮት መሄድ የሰው ጠባይ ነው። ይህን ጠባይ በምክር መለወጥ አይቻልም፤ በመስኮቱ ላይ የሚገባውን መስተዋት መምረጥ ግን ይቻላል። ተራ መስተዋት ሲሰበር እንደ ጩቤ ይሆናል። በሁለት መስተዋቶች መካከል ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ የተጣበቀበት ዓይነት ግን ቢሰነጠቅም ስባሪው ከንጣፉ ጋር ተያይዞ ይቀራል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ክፈፉና ማሰሪያውም አብሮ መጠንከር አለበት።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ ፊታቸው በሙሉ መስተዋት የሆነ ሕንፃዎች በየጎዳናው በዝተዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ መዲናችን ሲሰማ፣ ከእነዚህ ሕንፃዎች ሥር የሚያልፈውን እግረኛ ያሰበ ባለሙያ ስንት ነበር? መስተዋት ለመስበር የግድ አሸባሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የሕንፃ ዕቅድ ሲመረመር፣ ምሰሶው ስንት ክብደት ይሸከማል ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ መስተዋቱ ሲሰበር በማን ላይ ይወድቃል ተብሎም ይጠየቅ። ባለንብረቱ ወጪ ለመቀነስ በሚጠይቀን ጊዜ የምንሰጠው መልስ በማኅበር ደረጃ አንድ ይሁን። የናይሮቢው ግድግዳ ስሞቹን ይጠብቃል፤ አሟሟታቸውን አጥንቶ ሕያዋኑን መጠበቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው።