ከሳፋ እስከ መዋኛ፤ ሕፃንን ከውሃ ጋር ስለ ማለማመድ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



«ሕፃን ልጅ ዋና መማር የሚጀምረው በስንት ወሩ ነው?» የሚለው ጥያቄ በኮልፌ ቀራንዮ ቀደም ባለው ዘመን ቢነሣ ኖሮ ሳቅን በቀሰቀሰ ነበር። ዛሬ ግን በእጅ ስልኳ ላይ የስድስት ወር ሕፃን በጀርባው ሲንሳፈፍ የተመለከተች፣ ወይም በውጭ አገር የምትኖር እኅቷ ልጇን በየሳምንቱ ወደ መዋኛ እንደምትወስድ የሰማች እናት ጥያቄውን በቁም ነገር ታነሣለች። ስለሆነም ተገቢ መልስ ሊሰጣት ይገባል። መልሱም የሚገኘው በመዋኛው ዳር ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው በእናቲቱ ጓሮ፣ በውሃ ማጠራቀሚያው በርሜል አጠገብ ነው።

ሕፃንና ውሃ በኢትዮጵያ የሚተዋወቁት ገና በጠዋቱ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ክርስትና ለተነሣውም ሆነ ላልተነሣው ሕፃን ደግሞ ሳፋ አለለት። ልምድ ያላት ሴት ጨቅላ ልጅ ስታጥብ አንድ እጇን ከአንገቱ ሥር ታደርጋለች፤ የውሃውን ሙቀት በክርኗ ትለካለች፤ ነፋስ እንዳይመታው በሩን ትዘጋለች፤ እንደ ጨረሰችም ወዲያው ትጠቀልለዋለች። የዋና መምህር ለጀማሪ ወላጅ የሚያስተምረው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጉዳዩ ሳይንሳዊ ታሪክም አለው። ማይርትል ማግሮ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ባሳተሙት ጥናት፣ ጨቅላ ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲደረግ እጁንና እግሩን በተስተካከለ ምት እንደሚያንቀሳቅስ፣ ትንፋሹንም ለጊዜው እንደሚገታ አሳይተዋል። ይህ እንቅስቃሴ ግን የተፈጥሮ ምላሽ እንጂ በትምህርት የተገኘ ችሎታ አይደለም፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላም ይጠፋል። ራሱን ከውሃ በላይ አውጥቶ አየር ሊስብ የሚችል ጨቅላ የለም። እናት በዚህ ምላሽ ተማምና እጇን ብትለቅ ልጁ ይሰጥማል።

ትምህርቱ በስንት ዓመት ይጀመር በሚለው ረገድ የሐኪሞች አስተያየት ራሱ ተለውጧል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ2000 ባወጣው መግለጫ ልጅ አራት ዓመት ሳይሞላው በአጠቃላይ ለመደበኛ የዋና ትምህርት አይደርስም የሚል አቋም ነበረው። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ግን ከ1 እስከ 4 ዓመት በሆናቸው ልጆች ዘንድ የዋና ትምህርት መውሰድ ከመስጠም አደጋ መቀነስ ጋር ተያይዞ መገኘቱን ገለጸ። አካዳሚውም በ2010 አቋሙን አላላ፤ በ2019 ደግሞ ከ1 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ትምህርቱ ሊጠቅም እንደሚችል አስታወቀ። ከ1 ዓመት በታች ላሉት ሕፃናት ግን ትምህርቱ ከመስጠም እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። እንግዲህ የስምንት ወር ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሆኖ በሞቀ ውሃ ቢጫወት መልካም ነው፤ ይላመዳል፣ ደስም ይለዋል። «ዋና ተምሯልና ከእንግዲህ አይሰጥምም» ማለት ግን ሐሰት ነው። ይህን ሳይናገር ክፍያ የሚቀበል አስተማሪ ወላጅን ያታልላል።

ውሃው ራሱ ምን ዓይነት ይሁን? ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ትልቅ በመሆኑ ሙቀቱን ከአዋቂ ይልቅ በፍጥነት ያጣል። ስለዚህ የመዋኛው ሙቀት፣ በተለይ ገና ወራት ላስቆጠሩት፣ ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኮልፌም ንጋት ምን ያህል ብርዳም እንደሆነ ነዋሪው ያውቀዋል። በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ መዋኛ በዚህ ከፍታ ለሕፃን አይሆንም። እቴጌ ጣይቱን ወደዚህ ስፍራ የሳበው ፍል ውሃ ነውና፣ ከተማዋ የሞቀ ውሃ ጨርሶ አልተነፈጋትም፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ቀዝቅዞና ተለክቶ እንጂ እንደ ፈለቀ ለሕፃን አይቀርብም።

የመጀመሪያው ቀን ቆይታ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ቀስ በቀስ ወደ 20 ደቂቃ ማድረስ ይቻላል። ሕፃኑ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው ይወጣል። ወላጁ አብሮ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ልጁን ፊት ለፊት አድርጎ በብብቱ ሥር ይይዘዋል፤ ውሃው ከትከሻው እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። የሚነፋ የክንድ ኳስም ሆነ የአንገት ቀለበት የእጅን ቦታ አይተካም። አንዳንድ አስተማሪዎች ሕፃኑን ደጋግመው ውሃ ውስጥ መንከራቸው ግን በብርቱ ሊነቀፍ ይገባል፤ ብዙ ውሃ የዋጠ ሕፃን በደሙ ውስጥ ያለው የጨው መጠን ወርዶ እስከ መንዘፍዘፍ ሊደርስ ይችላልና። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ደግሞ ለራሱም ለሌሎችም ሲባል አይገባም፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተሕዋስ በክሎሪን የታከመ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርደው የትንሹ አቃቂ ወንዝና ገባሮቹ በዚህ ረገድ ለክርክር እንኳ የሚቀርቡ አይደሉም።

ይህ ሁሉ ለጥቂት ቤተሰብ የሚሆን ምክር ነው። በአጠና ተራ ወይም በዓለም ባንክ ሰፈር በአንድ ግቢ ተከራይታ ለምትኖር እናት የሚሞቅ መዋኛ ሩቅም ውድም ነው። ውሃ ግን አላት፤ አደጋውም አላት። የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት ሆኖ ሳለ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉ ውሃ ይጠራቀማል፤ በበርሜል፣ በባልዲ፣ በሳፋ፣ በጄሪካን፣ አቅም ያለውም በሮቶ። የልብስ እጣቢ እንኳ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ይቀመጣል እንጂ ቶሎ አይደፋም። መዳህ የጀመረ ሕፃን የባልዲውን አፍ ይዞ ይቆማል፤ ራሱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ በመሆኑ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል በአናቱ ይወድቃል፤ ራሱን ቀና አድርጎ ለመውጣትም ጉልበት የለውም። 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይበቃዋል። አይጮኽም፤ አያንቦጫርቅም፤ በሚቀጥለው ክፍል ሽንኩርት የምትከትፈው እናት ምንም አትሰማም።

«ውሃውን ድፊ» የሚለው ምክር በውጭ አገር መጻሕፍት የተለመደ ነው። ውሃ ለማግኘት ቀናት ለጠበቀች ሴት ግን እንዲህ ማለት ምክር አይደለም። ለእርሷ የሚሆናት ክዳን ነው፤ ይኸውም ሕፃን ሊያነሣው የማይችል፣ የሚታሰር ወይም ድንጋይ የሚጫንበት ክዳን። ባልዲው ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ባዶው ሳፋ ተደፍቶ ይዋል። የጉድጓድና የመጸዳጃ አፍ ይከደን። ስምንት ዓመት የሆናት እኅት ሕፃኑን ልታጫውት ትችላለች፤ ጠባቂ ግን አይደለችም። እጥበት ሲሆን ፎጣውና ልብሱ አስቀድሞ ይቅረብ፤ ስልክ ቢጠራ ይጥራ፤ ሕፃኑን ሳፋ ውስጥ ትቶ መነሣት ለቅጽበትም አይፈቀድም። በሳፋው ውስጥ በእጅ ተደግፎ ውሃ መምታትን፣ ፊቱ ሲረጥብ አለመደንገጥን የለመደ ልጅ፣ በኋላ ወደ መዋኛ ቢሄድም ባይሄድም፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ወስዷል።

የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ነበሩ። ድርጅቱ ለትንንሾቹ የሚያሳስበው ውሃውን ማጠርንና መክደንን፣ ከውሃ ርቀው የሚውሉበትን ስፍራ ማዘጋጀትን ነው፤ የዋና ትምህርትን የሚመክረው በተለይ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2013 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ተብሎ የተሰየመው ዕለት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ላይ ይውላል። ዕለቱ ክረምቱ በበረታበት፣ የድንጋይ ካባው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ በሚያቁርበት ወቅት መዋሉ ለኮልፌ የተመረጠ ያስመስለዋል።

ለባለሙያው ደግሞ ምቹ ጊዜ አለ። እናት ለኩፍኝ ክትባት ልጇን ይዛ የምትመጣው በዘጠነኛው ወር ነው፤ ብዙ ሕፃናት የሚድሁትና ይዘው መቆም የሚጀምሩትም በዚያው ሰሞን ነው። መርፌው እስኪዘጋጅ ድረስ «ውሃ የምታጠራቅሚው በምንድን ነው? ክዳን አለው?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15ኛው ወር ሲሰጥ ልጁ ብዙውን ጊዜ መራመድ ጀምሯል፤ ስለ ዋና ትምህርት ለጠየቀች እናትም በቂ መልስ መስጠት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ በርሜሉን በዓይናቸው ስለሚያዩት ከሐኪሙ የተሻለ ዕድል አላቸው።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የሰጠመን ሕፃን እግሩን ይዞ ገልብጦ ማንጠልጠል፣ ሆዱንም ተጭኖ ውሃ ለማስወጣት መታገል ውድ ደቂቃዎችን ያባክናል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባው እንዲገባ ያደርጋል። የማይተነፍስ ሕፃን በጀርባው ይተኛል፤ የሚረዳው ሰው አፉን በሕፃኑ አፍና አፍንጫ ላይ ገጥሞ በቅድሚያ 5 ጊዜ ቀስ ብሎ እፍ ይልበታል፤ የሕይወት ምልክት ካልታየ ደረትን መጫንና ትንፋሽ መስጠት ይቀጥላል፤ ሌላው ሰው እርዳታ ይጠራል። ልጁ ነቅቶ ቢያለቅስም ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ ወደ ሳንባ የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላ አተነፋፈሱን ሊያውከው ይችላልና።