«ቦሪንግ» ማነው?

ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ወገናችን ለፈረቃ ባልደረባው በእንግሊዝኛ «አይ አም ቦሪንግ» አለው እንበል። «ሰለቸኝ» ለማለት ነበር፤ የተናገረው ግን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ነው። የሰለቸው ሰው «ቦርድ»፣ አሰልቺው ሥራ ደግሞ «ቦሪንግ» ይባላል። የደከመው «ታየርድ»፣ አድካሚው «ታየሪንግ» ነው።

ይህ ስህተት ከስንፍና አይመጣም። አማርኛ ስሜቱን በግስ ይናገራል፦ ሰለቸኝ፣ ደከመኝ፣ ታከተኝ። ሰውየው ተቀባይ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ባለቤት አድርጎ ቅጽል ያስከትልለታል። ደስ የሚለው፣ የከተማው ቋንቋ ጀርመንኛ እዚህ ላይ ወደ እኛ ይጠጋል። «ሚር ኢስት ላንግቫይሊሽ» ልክ እንደ «ሰለቸኝ» ሰውየውን ተቀባይ ያደርጋል። «ኢሽ ቢን ላንግቫይሊሽ» ካሉ ግን ራስን አሰልቺ ማለት ነው።

መሰልቸትንና ድካምን የሚገልጹ ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ቅጽሎችም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። «ቲዲየስ» ጉልበት ባይጠይቅም ትዕግሥት የሚያስጨርስ ነገር ነው፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ቅጽ ሲሞሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ገጹን ሲገልጡ ደግሞ ያንኑ እንደገና። «ሞኖተነስ» ለውጥ የሌለው ነው፤ ሻንጣ ከቀበቶው አንስቶ ጋሪ ላይ፣ ሌላውንም እንዲሁ።

«ኤግዞስቲንግ» አቅም አሟጣጭ ነው። ፍራንክፈርት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌሊት በረራ እገዳ ስላለባት፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት በኋላ አውሮፕላኖች ተከታትለው ያርፋሉ። የዚያን ሰዓት ፈረቃ «ኤግዞስቲንግ» ቢሉት ያስኬዳል። «ቬሪ» አይጨምሩበት፤ ቃሉ ራሱ ጥጉን ይዟል።