የዛሬዋ ተረኛ ማን ናት?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

ሊቀመንበራችን የሰጡኝ አሥር ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ አፈር ነው። የተራቆተ መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ ሲቆይ አፈሩ ምን ያህል እንዳገገመ እለካለሁ። አሁን አሁን «የዘላቂነት ሳይንስ» የሚል ትልቅ ስም ወጥቶለታል። አባቴ ግን ዛሬም «ልጄ አፈር ትመዝናለች» ነው የሚሉት፤ አልተሳሳቱም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአፈር፣ በውኃ፣ በደንና በአየር ንብረት ላይ ለሚሠሩ ሴቶች የቴሌግራም ቡድን ከፈትኩ። ምክንያቴ ቀላል ነበር። በሙያችን ዋናው ወሬ የሚወራው ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። የትኛው ላቦራቶሪ መሣሪያው እንደሚሠራ፣ የትኛው መጽሔት ገንዘብ ተቀብሎ ማንም የማያነበውን ጽሑፍ እንደሚያወጣ፣ የጥናት ድጋፍ መቼ እንደሚከፈት ወንዶቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይነጋገራሉ። በዚያ ሰዓት እኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን፤ ወይም ልጅ ከትምህርት ቤት እያመጣን ነው። ሻይ ቤቱን ወደ ስልካችን እናምጣው አልኩ።

መጣም። በዓመቱ ከሦስት መቶ አለፍን። አንድ ማታ አንዲት ተማሪ ከገጠር ፎቶ ላከች፤ ዝናብ የመታው የአፈር ናሙናዋ በላስቲክ ውስጥ እንዳለ መሽተት ጀምሯል። ጡረታ የወጡ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ወዲያው በድምፅ መለሱላት፤ «ልጄ፣ ላስቲኩን ፍቺው። ጋዜጣ አንጥፈሽ አፈሩን በስሱ በትኚው። ጥላ ላይ እንጂ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው። ምልክቱን በእርሳስ ጻፊው፤ እስክሪብቶ በውኃ ይለቃል።» እኒህ ሴት ይህን ለመማር ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው አስቡት። እሷ ዘንድ የደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። መስክ ላይ ስለ ማደሪያ፣ ስለ መጸዳጃ፣ በወር አበባ ጊዜ ተራራ ስለ መውጣት የሚጠየቀውንም በየትኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ደጋፊዎቻችንም ፎቶውን ለሪፖርት ይወስዱት ነበር።

አንዲት ሌላ ልጅ ደግሞ ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን ወሎ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ማክሰኞ ማታ ጻፈች። አማካሪዋ ስልክ ካነሳላት ሁለት ወር ሆኖታል። የመስክ ገንዘቧ አልቋል። ከሃያ አራቱ የናሙና ቦታዎች ዘጠኙ ቀርተዋል። «ቀሪውን ብተወው ጥናቴ ይወድቃል ወይ?» ብላ ጠየቀች።

መልእክቱን አይቼዋለሁ። መልሱንም አውቀው ነበር። ከተከለለውና ካልተከለለው መሬት የወሰደችው ናሙና ከተመጣጠነ ጥያቄውን አጥብባ፣ ምክንያቱን በግልጽ ጽፋ ልትከራከርበት ትችላለች። ብጽፈው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን መንገድ ላይ ነበርኩ፤ «ከዚህ ሁሉ ሰው አንዷ ትመልስላታለች» አልኩ። እንደ እኔ ያለች ሌላም ነበረች፤ ሦስተኛም ነበረች። ትዝ ሲለኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልፏል። ደወልኩላት። ትምህርቱን አቋርጣ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አልተቆጣችኝም። «እትዬ፣ እኔ እኮ ዝም ያላችሁት ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ ስለሆነ መስሎኝ ነው» ነው ያለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ በዕድር ያሳለፈችው ዕድሜ ነው ትዝ ያለኝ። ዕድር ውስጥ ጡሩምባ ሲነፋ «ሌላ ሰው ይደርሳል» የሚል የለም። ድንኳን የሚተክለው ተረኛ ይታወቃል፤ የቀረ ይቀጣል። ዕድር የቆመው በሰዎቹ ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በፈረሰ ነበር። እኔ የከፈትኩት ቡድን ሰው ሞልቶታል፤ ተረኛ ግን አልነበረውም።

በሌላ አገር እንዴት እንደሚሠሩትም አየሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ የተገናኙ ስድስት ወጣት ሴት ሳይንቲስቶች መረብ ጀምረው ነበር፤ የምድር ሳይንስ ሴቶች መረብ የሚባለው ነው። ዛሬ አባላቱ በሺዎች ይቆጠራሉ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ናይሮቢ ላይ የተጀመረው፣ አዋርድ የሚባለው የአፍሪካ ሴት የግብርና ተመራማሪዎች ፕሮግራም ነው። እዚያ ለእያንዳንዷ ተመራማሪ በስም የታወቀ አንጋፋ መካሪ ይመደብላታል። እሷም በተራዋ አንዲት ታናሽ ይዛ ታስከትላለች። ኢትዮጵያውያትም አልፈውበታል። እኔን የሳበኝ በስም መመደቡ ነው።

ልጆቻችን የዶክተር ሰገነት ቀለሙን ፎቶ ሲለጥፉ አያለሁ፤ ይገባቸዋልም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መምራት የጀመሩ፣ በ2014 የሎሪያል ዩኔስኮን ሽልማት የተቀበሉ ሴት ናቸው። ግን ፎቶ ማክሰኞ ማታ ጥያቄ አይመልስም።

ስለዚህ ቡድኑን እንደ ዕድር አደረግነው። በየሳምንቱ ሁለት ተረኞች አሉ፤ ስማቸው ከላይ ተሰክቶ ይታያል። ማንኛውም ጥያቄ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል፤ መልሱ «አላውቅም፤ የምታውቅ ፈልጌ አገናኝሻለሁ» ቢሆንም። ተረኛ ከቀረች ለሌላዋ ካርድ ትሞላለች፤ ቅጣታችን ይሄ ነው። ወንዶች በግል መልእክት ልጆቹን ስላስቸገሯቸው ቡድኑን ዘጋነው፤ አሁን የምትገባው አባል የመሰከረችላት ብቻ ናት። ቪዲዮ አንልክም፤ ገጠር ያለች ልጅ ፓኬጇ በአንድ ቪዲዮ ያልቃል። አንዳንዴ ኢንተርኔት ጨርሶ ይጠፋል፤ ለዚህ የስልክ ቁጥሮች በወረቀት ተይዘዋል። በግል መጠየቅ የሚቀላት ትጠይቅ፤ ግን ፈቃዷን ካገኘን ስሟን አውጥተን ጥያቄውን ለሁሉም እናቀርበዋለን፤ ሌሎች አሥር ልጆች ያንኑ ጥያቄ አፍረው ይዘውታልና።

ጥሩ ነው አልልም። ተረኞቹ ይደክማሉ፤ ባለፈው ክረምት ሁለቱ በቃን ብለው ወጡ። የወጡት በስንፍና አይደለም። ቀን ቢሮ፣ ማታ ቤት፣ ከዚያ በላይ የሰው ልጅ ጭንቀት ማንበብ ከባድ ነው።

ደጋፊዎቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ባለፈው አዲስ የስልክ መተግበሪያ ልናሠራላችሁ ያላችሁትን ሐሳብ አመሰግናለሁ፤ ግን አያስፈልገንም። ቴሌግራም ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ያጠረን የተረኞች የካርድ ገንዘብ፣ የመስክ ወጪ ላለቀባቸው ልጆች ትንሽ የአደጋ ጊዜ ብድር፣ እንዲሁም በዓመት አንድ ጊዜ በአካል የምንገናኝበት የመጓጓዣ ወጪ ነው። በአካል ያላየኋትን ሰው ማታ አራት ሰዓት ላይ ለመደወል አልደፍርም፤ እሷም አትደፍርም።

አባላት፣ እናንተ ደግሞ አፈር መመዘን አይጠበቅባችሁም። ባለፈው የበጀት ጥያቄ የመጣላትን ልጅ የረዳቻት የሂሳብ ባለሙያዋ እህታችን ናት፤ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ማመልከቻ የምታርም፣ ለቃለ መጠይቅ የምታለማምድ፣ «አይዞሽ፣ ነገ ጠዋት እንነጋገር» የምትል ታስፈልገናለች።

የተራ መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰኔ ሞልቷል። የሐምሌ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ግን እስካሁን ባዶ ናቸው።