የላሜሕ ፉከራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በከተማም በገጠርም፣ በአገር ውስጥም በስደትም ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ ዛሬ ልንነግራችሁ የወደድነው በየእጃችን ስለያዝነው ትንሽ መስኮት፣ በእርሱም ውስጥ ስለሚታየው ጠመንጃና ፉከራ ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ላሜሕ ቤት ይተርክልናል። ላሜሕ ከቃየል ዘር የተወለደ፣ ከአዳም ሲቈጠር ሰባተኛ ትውልድ ነው። ከልጆቹ አንዱ ዩባል በገና ለሚደረድሩ ሁሉ አባት ሆነ፤ ሌላው ቱባልቃይን ናስና ብረት ቀጥቅጦ ስለት ያለውን መሣሪያ ሠራ። አባታቸው ላሜሕ ደግሞ ሚስቶቹን ዓዳንና ሴላን ጠርቶ ሰው መግደሉን ነገራቸው፤ የቃየል በቀል ሰባት እጥፍ ከሆነ የእርሱ ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሚሆንም ተመካ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ቃየል ወንድሙን በገደለ ጊዜ ካደ፣ ፈራ፣ ተቅበዘበዘ እንጂ አልፎከረም። ላሜሕ ግን ገድሎ ፎከረ። በሁለቱ መካከል የሞተው ኀፍረት ነው። ዜማው፣ ብረቱና ፉከራው ከአንድ ቤት መውጣታቸውንም ልብ በሉ።

እነዚህ ሦስቱ ዛሬ እንደ ገና ተገናኝተዋል። ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም በሚባሉት መገናኛዎች አንድ ወጣት ዝናሩን ታጥቆ፣ ክላሹን አንግቦ ይታያል፤ ከበስተኋላው ማሲንቆና ሽለላ ይሰማል፤ ሲተኩስም ይቀረጻል። በሌላ ወገን የመንግሥት ወታደር እንዲሁ መሣሪያውን ይዞ በወደቀው ወንድሙ ላይ ሲዝት ይታያል። ተመልካቹም በጣቱ ነካ አድርጎ መውደዱን ይገልጻል፤ ለወዳጁም ያሻግራል። ጥይቱ ያረፈበት ቤት፣ የእናቲቱ ልቅሶ፣ ሳይታጨድ የቀረው ጤፍ፣ ተዘግቶ የቀረው ትምህርት ቤት ግን በዚያ ሥዕል ውስጥ የለም።

ይህን ስንል የአገራችንን ሰው ጠባይ ዘንግተን አይደለም። ከየጥኖራ እስከ ብቸና፣ ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው ምድር ጠመንጃ የአባወራ ማዕርግ፣ የርስት ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ደጃዝማች በላይ ዘለቀና ተከታዮቹ ፋሽስት ኢጣልያን የተቋቋሙት በዚሁ ምድር ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ተነሥቷል፤ ይህም ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ በአገረ ገዥው መነሣትና በውዝፉ ግብር መሰረዝ ተፈጽሟል። የጎጃም ሰው በመንግሥት ላይ ሲቆጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ቃል የሚሄደው በእግር ነበር። ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከደብር ወደ ደብር ሲያልፍ ተናጋሪና ሰሚ ይተዋወቁ ነበር። የሚፎክር ሰው የሚፎክረው በሚያውቁት ፊት ነው፤ ሐሰት ቢናገር የሚመልስለት፣ ልኩን ቢያልፍ የሚገሥጸው ሽማግሌ ከጎኑ ተቀምጧል። ደም በፈሰሰ ጊዜም ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ገብተው ደም ያደርቁ ነበር። የዛሬው ፉከራ ግን ሽማግሌ የለውም። የሚናገረው የሚሰማውን አያውቀውም፤ ከተናገረም በኋላ ለዕርቅ የሚጠራበት ደጅ የለውም። ስለዚህ ሥርዓቱን ጥሎ ስለቱን ብቻ የያዘ ፉከራ ነው እንላለን።

ደግሞም ይህን አስቡ። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ከተወሰነ በኋላ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ሠራዊት መካከል የተነሣው ውጊያ በረታ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያ ወራት ተኩሱ በደጁ የሚሰማው ገበሬ ልጁ በሕይወት እንዳለ እንኳ ለመጠየቅ ሲቸገር፣ በባሕር ማዶ ያለው ሰው ግን የውጊያውን ሥዕል በሞቀ ቤት ተቀምጦ ይመለከት፣ ይፈርድ፣ ያበረታታም ነበር። እሳቱ ለአንዱ ሞት፣ ለሌላው ትርኢት ሆነ።

ንጉሥ ዳዊት በምሽግ ሳለ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ ተመኘ። ሦስት ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን አልጠጣውም። ነፍሳቸውን የጣሉ ሰዎች ደም አድርጎ ቈጥሮት ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ዳዊት ሰው የሞት አደጋ የተቀበለበትን ውኃ ለአፉ አላቀረበም፤ እኛ ግን ሰው የሞተበትን ሥዕል ከእራት በኋላ በዓይናችን እንጠጣለን። የመጠጣታችን ብዛትም ሌላ ቀጂ ይልካል፤ ተመልካች የበዛለት ወጣት ከትናንቱ የሚከፋ ነገር ነገ ለመቅረጽ ይገደዳልና።

ታዲያ በደል የለም፣ ዝም በሉ ማለታችን ነውን? አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የአቤል ደም ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኸ ይህም ደም ይጮኻል። ሹማምንት ሆይ፤ የተበደለውን ሰምታችሁ ካልፈረዳችሁለት፣ ጆሮ ያጣው ጩኸት ወደ ጠመንጃ አፍ እንደሚሄድ ዕወቁ። ነገር ግን እውነተኛ በደል ያለበት ሰው ምስክር፣ ፍርድና ካሣ ይሻል፤ ላሜሕ የሚሻው ተመልካች ነው። በደልን ለፍርድ መናገርና በደልን የፉከራ ማገዶ ማድረግ እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ናቸው።

የወሬ እሳት እንዴት እንደሚሮጥ ሞጣ ታውቃለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ በከተማይቱ ሲነዛ፣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሱቆችም ተዘረፉ። በአንድ ገበያ አብረው የኖሩ፣ በሐዘን የተረዳዱ ሰዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደ ባዕድ ተያዩ። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ሕግ ግን እጅን ይይዝ እንደ ሆነ ነው እንጂ ልብን አይደርስበትም፤ ልብን የሚደርስበት ንስሐ ነው።

ጌታችን በጌቴሴማኒ በተያዘ ጊዜ ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ቈረጠ። ጴጥሮስ ፈሪ አልነበረም፤ ምክንያትም አላጣም፤ የሚይዙት ንጹሑን ነበርና። ጌታ ግን ሰይፉን ወደ ሰገባው አስመለሰው፤ የጠላቱንም ጆሮ ፈወሰ። ይኸው ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታ የሰጠው ቍጥር ሰባት ጊዜ ሰባ ነው። ላሜሕ የበቀልን ቍጥር ወደ ሰባ ሰባት አወጣው፤ ክርስቶስ በዚያው በሰባትና በሰባ የይቅርታን ቍጥር ሠራበት። የላሜሕን ሒሳብ የሚሽር ሌላ ሒሳብ የለም።

ስለዚህ ልጆቻችን ሆይ፤ ፉከራውን ለሌላ ከማሻገራችሁ በፊት ጣታችሁን ገታ አድርጋችሁ፣ ይህን የሟቹ እናት ብታየው ምን ትላለች ብላችሁ ጠይቁ። ምላጭ የሚስበውም፣ ሥዕሉን የሚያሻግረውም ያው ጣት ነው፤ በጸሎት ጊዜ የምናማትብበትም ያው ነው። እናንተ በባሕር ማዶ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ልጃችሁን በማትልኩበት ጦርነት የሰውን ልጅ አታደፋፍሩ፤ ለተራበውና ለተፈናቀለው ላኩ። ወላጆች፤ ልጆቻችሁ ምን እንደሚያዩ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። እኛም ካህናት የሁለቱንም ወገን ሙታን በአንድ እንባ ልናለቅስ፣ ዕርቅ በተጠራበትም ቦታ ሁሉ መስቀላችንን ይዘን ልንቆም ይገባናል።

የሰላም አለቃ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጠመንጃ ያነገቡትን ወንድሞች በአንድ ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ገበሬው በየጥኖራና በብቸና ሜዳ ያለ ስጋት እንዲያጭድ፣ የሞጣም ልጆች ወደ ትምህርት ቤታቸው በሰላም እንዲሄዱ ያድርግልን። የእመቤታችን ምልጃ፣ የቅዱሳን ሁሉ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።